ስለ ማኅበረሰብ የብስክሌት ጉዞና ስለ ብስክሌት ጥቅም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየወሩ በሰፈራችን የብስክሌት ጉዞ ስናዘጋጅ፣ አብረውን ሊነዱ ከሚመጡትም ሆነ በራቸው ላይ ቆመው ከሚመለከቱን ሰዎች የሚቀርቡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዶቹ የጉዞውን አካሄድ የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ ብስክሌት በእርግጥ ለኑሮ ይጠቅም እንደሆነ የሚጠይቁ ናቸው። መልሶቻችንን ከዚህ በታች ጽፈናል። የምንናገረው ከአዲስ አበባ ልምዳችን ተነሥተን ስለሆነ፣ በሌላ ከተማ ያለ አንባቢ ከራሱ መንገድና ከራሱ አየር ጋር አስማምቶ ይውሰደው።

የማኅበረሰብ የብስክሌት ጉዞ ምንድን ነው? ከውድድርስ በምን ይለያል?

በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ቀንና መነሻ ቦታ ቆርጠው፣ ዕድሜና ጾታ ሳይለዩ፣ በኅብረት የሚነዱበት ጉዞ ነው። አሸናፊ የለውም፤ ሰዓትም አይያዝበትም። በውድድር ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት ያለው ሰው ነው፤ በዚህ ጉዞ ግን የሚወስነው ከሁሉም ኋላ የቀረው ነው።

ይህን ደንብ የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ከፊት የተሰለፍነው መንዳት የለመድን ሰዎች ስለነበርን፣ ሳይታወቀን ፈጥነን ሄደን፣ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ዞር ብለን ስንመለከት ጀማሪዎቹ በትራፊክ መብራት ተቆርጠው ቀርተው ነበር። ከእነርሱ አንዷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ ፈርታ ወርዳ፣ ብስክሌቷን በእግሯ እየገፋች ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሚቀጥለው ወርም አልመጣችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሁለት አስተባባሪዎች አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው «ቁሙ» ካለ ሁሉም ይቆማል። ልጅቷን ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀን ስትመለስ የተሰማንን ደስታ አንረሳውም።

ይህ ልማድ ከየት መጣ?

መንገድን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነጻ አድርጎ ለሕዝብ የመልቀቅ ሐሳብ ይበልጥ የታወቀው በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው። እዚያ በ1974 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ልማድ ዛሬም በየእሑዱና በበዓላት ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት የሚቀጥል ሲሆን፣ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የሚለቀቀው መንገድ ከ120 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ የሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ ተመሳሳይ ቀን በ2016 እ.ኤ.አ. ጀምራለች። በአገራችን «መንገድ ለሰው» የተባለው እንቅስቃሴ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተጀመረ፤ የታሰበውም በወሩ የመጨረሻ እሑድ የተመረጡ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሰው እንዲራመድባቸው፣ ስፖርት እንዲሠራባቸው፣ ብስክሌትም እንዲነዳባቸው ነበር። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ያለ አዘጋጅ የሚሆን ሌላ ምሳሌ ያውቃሉ፤ በአይሁድ የስርየት ቀን በዮም ኪፑር ዕለት መኪና ከመንገድ ስለሚጠፋ አውራ ጎዳናው በልጆች ብስክሌት ይሞላል።

ብስክሌት ራሱ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ገረመው ደንቦባ ከአራት ዓመት በኋላ በሮምም ተወዳድረዋል። በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ የለም፤ በዚያው ኦሊምፒክ በብስክሌት የተሰለፉ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ይህን ለልጆቻችን አለመንገራችን ይቆጨናል።

ብስክሌትን የዕለት መጓጓዣ አድርገው የያዙት ግን ሜዳማዎቹ ከተሞች፣ በተለይም ባሕር ዳርና ሐዋሳ ናቸው። በባሕር ዳር ጠዋት ላይ የዘንባባ ጥላ ባለበት ጎዳና የሚቆም ሰው፣ ደብተር በኋላ መቀመጫ ላይ ያሰረ ተማሪ፣ ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ሱፍ የለበሰ የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ መስመር ሲያልፉ ያያል። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ መንገዱ ቢጣበብም፣ አንድ ከተማ ብስክሌትን እንደ ድህነት ምልክት ሳይሆን እንደ ጫማ ሊቆጥረው እንደሚችል ያየነው እዚያ ነው።

በወር አንድ እሑድ መንዳት ምን ይለውጣል?

ይህ ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጠይቁን በጥርጣሬ ነው። እሑድ ዕለት ሁለት ሰዓት ነድቶ ሰኞ ወደ ታክሲ ሰልፉ ለሚመለስ ሰው ጉዞው መዝናኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ መዝናናትም ክፉ ነገር ባይሆን፣ እኛ የምንደክመው ለዚያ ብቻ አይደለም። የጉዞው ፍሬ የሚታየው ሰኞ ጠዋት ነው ብለን እናምናለን።

ሰውን ከብስክሌት የሚያርቁት ነገሮች ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። መኪና ይፈራል፤ «ሰው ምን ይለኛል» ይላል፤ ርቀቱንም በተሳሳተ መንገድ ይገምታል። ሁለቱን አብሮ የሚነዳው ሰው ብዛት ያቃልላቸዋል፤ አርባ ጎረቤት ሲነዳ ያየ ሾፌር ቦታ ይለቃል፤ ከአርባ ሰው ጋር ሲነዳ የታየ ጎልማሳም በማግስቱ ብቻውን ቢነዳ አያፍርም። ሦስተኛውን ግን ማንም ቢነግርዎት አያምኑትም፤ በራስዎ እግር መለካት አለብዎት። በጉዟችን ከሚሳተፉት አንዱ መምህር ናቸው። ለዓመታት ወደ ትምህርት ቤታቸው በሁለት ታክሲ ሲመላለሱ ርቀቱ ረጅም ይመስላቸው ነበር። አንድ እሑድ ጉዟችን በትምህርት ቤታቸው በር በኩል ሲያልፍ ቀዝቀዝ ብለው ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ ከሰፈር ከተነሣን ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆኖን ነበር፤ ያውም በጀማሪዎች ፍጥነት። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ብስክሌታቸውን ከጥበቃው ማደሪያ ጎን አቁመው፣ የሱሪያቸውን እግር በጎማ ማሰሪያ እንዳሰሩ ክፍል ገቡ።

ሌላም ለውጥ አለ። የአዲስ አበባ ከተማ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በብዙ ጎዳናዎች የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። መስመሩ ሲሠራ ደስ ብሎናል። ሆኖም ማንም የማይነዳበት መስመር ቀስ በቀስ የመኪና ማቆሚያ ወይም የዕቃ መዘርጊያ ይሆናል፤ ባለሥልጣንም ነጋዴም ባዶ ቦታን ለሌላ ነገር ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ መስመሩን የሚጠብቀው ሕግ ብቻ ሳይሆን በላዩ የሚያልፈው ሰው ነው።

ብስክሌት ለቤተሰብ ኑሮ ምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ ጊዜ ይሰጣል። ጤነኛ ሰው በእግሩ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ፣ በብስክሌት ሳይቸኩል አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በእግር አንድ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ወደ ሃያ ደቂቃ ይወርዳል ማለት ነው፤ ለሥራ የሚሄድ ሰው ደግሞ መመለሱም ስላለ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ለቤቱ ያተርፋል። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ታሪፍ እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን፤ ብስክሌት ግን ከነዳጅ ዋጋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ይሸከማል። በኋላው መደርደሪያ ላይ ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን፣ ዳቦ፣ ወተት፣ የሱቅ ዕቃ ይጫናል። በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያደርስ አንድ ወጣት አለ፤ በእግሩ ሲያዞር ከስምንት ቤት በላይ ማዳረስ አይችልም ነበር፤ ወተቱ ፀሐይ ሳይነካው መድረስ ስላለበት ርቀቱን የሚወስንለት እርሱ ሳይሆን ሙቀቱ ነበር። አሁን ሃያ ስድስት ቤት ያዳርሳል። ጣሳዎቹን በሁለት ወገን አመዛዝኖ ሲያስር ቆሞ ማየት ራሱ ትምህርት ነው፤ አንደኛው ወገን ከከበደ መሪው እጅ ይጎትታል፤ መታጠፊያ ላይም ይጥላል።

ሦስተኛው ጥቅም፣ በእኛ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው፣ ለሴት ልጆች ትምህርት የሚሰጠው ነው። በሕንድ የቢሃር ክፍለ ግዛት መንግሥት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ተማሪዎች ብስክሌት መግዣ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ የተነሣ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ልጃገረዶች ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ጨምሯል፤ ጭማሪው በይበልጥ የታየውም ትምህርት ቤት ርቆ በሚገኝባቸው መንደሮች ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ወላጅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀራት ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን መንገዱን ፈርቶ ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር በእግሯ የምትሄድ ልጅ ሲመሽባት ገና መንገድ ላይ ናት፤ በብስክሌት የምትሄደው ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቷ ትደርሳለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ስትነዳ ደግሞ የሚያስቆማት አይኖርም። በአገራችን ገጠርና ትንንሽ ከተሞች ያለውን የትምህርት ቤት ርቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሰምቶ ዝም ሊል አይገባም።

አዲስ አበባ ዳገት ይበዛባታል፤ አየሯም ቀጭን ነው። በብስክሌት መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በሰሜን ያለው እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ መሬቱም ወደ አቃቂ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ሲሄድ ቀልሎት ሲመለስ ይከብደዋል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ግን ረጅም ዳገት ሳያገኘው ብዙ ይጓዛል። ለጀማሪ የቦሌ፣ የሰሚት፣ የጀሞና የለቡ አካባቢዎች ምቹ ናቸው። ዳገት ላይ ማርሹን ገና ከመጀመሩ በፊት ማቅለል ይገባል፤ ከደከመ በኋላ መቀየር ሰንሰለቱን ያወልቀዋል። ወርዶ መግፋትም ነውር አይደለም፤ እኛም እንገፋለን።

ብስክሌት የለኝም። መምጣት እችላለሁ?

በደስታ። ጥቂት ተጨማሪ ብስክሌቶች ስላሉን ከሦስት ቀን በፊት ቁመትዎን ይንገሩን። በየሰፈሩ በደቂቃ ሒሳብ የሚያከራዩ ልጆችም አሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ኪራይ ያስታውሰዋል፤ የገና ወይም የፋሲካ ብር ይዞ ሜዳ መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ አከራዩ ሰዓቱን ዓይቶ «አለቀ!» ብሎ ሲጮህ ያልሰሙ መስሎ አንድ ዙር መጨመር። ብዙዎቻችን መንዳት የተማርነው በዚያ ጩኸት መካከል ነው።

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ መንዳት አልተማርኩም። አሁን ይቻላል?

ባለፈው ዓመት ሃምሳ አራት ዓመት የሆናቸው እናት ተምረው ነድተዋል፤ እርስዎም ይችላሉ። ትልቅ ሰው ሲማር የሚቸገረው በመውደቅ ሳይሆን በመፍራት ስለሆነ፣ ትምህርቱን የምንጀምረው ፔዳሎቹን ፈትተን፣ ኮርቻውን ሁለቱም እግሮች መሬት በደንብ እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ አድርገን ነው። ተማሪው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይንከባለላል፤ ማንም ከኋላ አይይዘውም። ከኋላ መያዝ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው ያዡ ስለሚሆን ተማሪው ሚዛንን ሳይማር ይቀራል። እኚያ እናት በመጀመሪያው ቀን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው፣ «እመቤቴ ድረሽልኝ» እያሉ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ሲንከባለሉ እግራቸውን አንሥተው አሥር ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ፔዳሎቹን መልሰን ገጠምን። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ማቆምን መልመድ ብቻ ነበር።

ቀሚስ ለብሼ መንዳት ይቻላል?

ይቻላል። አግዳሚው ብረት ዝቅ ያለ ብስክሌት ይምረጡ፤ ሰንሰለቱ መሸፈኛ እንዲኖረው፣ የኋላው ጎማም ጨርቅ እንዳይስብ መከለያ እንዲኖረው ያድርጉ። ረጅም ነጠላና ሻርፕ ከመቀመጥዎ በፊት መታሰር አለባቸው፤ ተንጠልጥሎ ጎማ ውስጥ የሚገባ ጨርቅ በድንገት ስለሚያቆም ክፉኛ ይጥላል። ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ አስተያየት የሚሰነዝር አላፊ አግዳሚ እንዳለ እናውቃለን፤ በቡድን ስትነዱ ይቀንሳል። የጉዟችን ተሳታፊ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢናገር ግን አብሮን እንዲቀጥል አንፈቅድም።

ከመምጣቴ በፊት ብስክሌቴ ላይ ምን ልመልከት?

አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጎማውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ በቀላሉ ከጎደጎደ አየር ያንሰዋል። የሚያስፈልገው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። በላላ ጎማ መንዳት ያደክማል፤ ጉድጓድ ሲመታም ካላማዳሪው በቸርኬው ጠርዝ ተነክሶ ይቀደዳል፤ ጎሚስታው ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ካሳየዎት ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለቱንም ፍሬኖች እየያዙ ብስክሌቱን ወደፊት ይግፉት፤ ጎማው ተንሸራቶ እንጂ ተሽከርክሮ መሄድ የለበትም። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን እንጂ ጎማውን እንዳይነካ ያረጋግጡ፤ ጎማ የሚነካ ላስቲክ በአንድ ረጅም ቁልቁለት ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። መሪው ከፊት ጎማው ጋር አንድ ላይ መዞሩን፣ የጎማዎቹ ብሎኖች መጥበቃቸውን ይመልከቱ። ሰንሰለቱ ከጮኸ ጠብታ ዘይት ያስፈልገዋል፤ ዘይቱን ካደረጉ በኋላ ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉት፤ አለበለዚያ የከተማችንን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

ኮርቻውን ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ይነዳል፤ ጉልበት የሚታመመው በዚህ ነው። ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያደርጉ እግርዎ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ቁመቱ ትክክል ነው።

በጉዞው ላይ ምን ዓይነት ሥርዓት ይጠበቃል?

በቀኝ በኩል፣ መኪና በሚሄድበት አቅጣጫ እንነዳለን። ከመኪናው አቅጣጫ በተቃራኒ መንዳት ከአደጋ ያድናል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ስሕተት ነው፤ ከመስቀለኛ መንገድ የሚወጣ ሾፌር ከዚያ ወገን የሚመጣ ሰው አይጠብቅም። ለመታጠፍ እጅ ይዘረጋል፤ ጉድጓድ ያየ ሰው ጮክ ብሎ «ጉድጓድ!» ይላል፤ ከኋላው ያለውም ተቀብሎ ያስተላልፋል። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን በድንገት አጥብቆ መያዝ በመሪው ላይ ያሽቀነጥራል፤ ሁለቱንም ቀስ እያሉ፣ አስቀድሞ መያዝ ነው። ከቆመ መኪና ጎን ሲያልፉ በር ቢከፈት የማይደርስበትን ያህል ይራቁ። ስልክ በኪስ ይሁን።

ለእግረኛ ሁልጊዜ ቅድሚያ እንሰጣለን። በከተማችን ከሌላው መጓጓዣ ሁሉ በእግሩ የሚሄደው ይበዛል፤ መኪና እኛን እንዲያከብረን የምንጠይቅ ከሆነ፣ እኛም እግረኛውን ማክበር አለብን።

ሄልሜት የግድ ነው?

በእኛ ጉዞ ላይ አዎን፤ ለልጆች ያለ ምንም ልዩነት። ተሰንጥቆ የነበረ ወይም ከባድ ምት የደረሰበት ሄልሜት ሳይበላሽ ቢታይም አይከላከልምና አይቀበሉት።

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም አለብኝ። ይጎዳኛል?

ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ወደ ሥራ የሚነዳ ሰው ዝቅተኛውን መጠን ሌላ ስፖርት ሳይጨምር ይሞላል። ክብደትዎን ኮርቻው ስለሚሸከም ሩጫ የሚያሳምመው ጉልበት ብስክሌትን ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ሆኖም የልብ ሕመም ካለብዎት፣ ግፊትዎ በመድኃኒት ካልተስተካከለ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳር ወይም ጣፋጭ በኪሱ ይያዝ፤ ለአስተባባሪውም ይንገረው። ለድንገተኛ አደጋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

በእኛም ሰፈር ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

ከትንሽ ይጀምሩ። አሥር ሰው፣ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ አንድ መንገድ። መንገዱን ከአንድ ሳምንት በፊት፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ራስዎ ይንዱት፤ በሥራ ቀን ጸጥ ያለ መንገድ እሑድ የገበያ መንገድ ሊሆን ይችላል። ለወረዳው አስተዳደርና ለትራፊክ ፖሊስ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የሚጠበቀውን የሰው ብዛት በደብዳቤ ያሳውቁ፤ የተቀበሉበትን ቅጂ በእጅዎ ያስቀሩ። የእኛ ደብዳቤ አንድ ጊዜ በመዝገብ ቤት ተረስቶ፣ ሠላሳ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ጉዞውን ለመሰረዝ ተገደናል።

ሰዓቱን ሲወስኑ የአካባቢውን ሰው ኑሮ ያስቡ። እሑድ ጠዋት ብዙ ሰው ቅዳሴ ላይ ስለሆነ ከቅዳሴ መውጫ በፊት መነሣት ግማሹን ሰፈር ያስቀራል፤ በጾም ወራት ረጅም ርቀት አይያዝም፤ በረመዳን ደግሞ የሚጾሙ ጎረቤቶቻችን ሳይደክሙ እንዲመጡ ጉዞው ጠዋት ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ አይሆንም። ዓመታዊ ትልቅ ጉዞ ለማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 ዓ.ም. የዓለም የብስክሌት ቀን ብሎ የሰየመው ግንቦት 26 ከክረምቱ በፊት ስለሚውል ጥሩ ቀን ነው።

ከሁሉም በላይ ጎሚስታ ወይም ብስክሌት ጠጋኝ አብሯችሁ ይኑር። መንፊያ፣ መለጠፊያ፣ ሁለት ካላማዳሪና ጥቂት ቁልፎች የያዘ አንድ ባለሙያ ከአምስት አስተባባሪ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የድካሙንም ክፈሉት፤ የእሑድ ቀኑን ትቶ ነው የሚመጣው።

ልጄ ብስክሌተኛ መሆን ይፈልጋል። ተስፋ አለው?

አለው። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ በየዓመቱ በሚካሄደው ታላቅ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይም በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያው ውድድር የሦስት ቀን ጉዞዎችን አሸንፎ፣ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወስዷል። ልጅዎን ወደ ክለብ ከመላክዎ በፊት ግን መንገድ ላይ ረጋ ብሎ መንዳትን ይማር።

ቤት ውስጥ ለዓመታት የቆመ ብስክሌት አለኝ። ምን ላድርገው?

አምጡት። ደርቀው የተሰነጠቁ ጎማዎች፣ የዛገ ሰንሰለት፣ የተበጠሰ የፍሬን ሽቦ ቢኖረው እንኳ ዋናው ብረት እስካልታጠፈና ብየዳው እስካልተሰነጠቀ ድረስ ይጠገናል። እርስዎ ሊነዱት ከፈለጉ ጠጋኛችን ዓይቶ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይነግርዎታል። ሊሰጡት ከፈለጉም ትምህርት ቤታቸው ከቤታቸው የራቀ የሰፈራችን ተማሪዎች ስም በተራ ተመዝግቧል፤ ባለፈው ወር አንድ አባት ለሟች ልጃቸው ገዝተውት የነበረውን ቀይ ብስክሌት አምጥተው፣ ደወሉ እንዳይቀየር ብቻ ለምነውናል፤ ሌላው ሁሉ ተቀይሮለት አሁን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትነዳዋለች፤ ደወሉ ግን የድሮው ነው።